እምነትና መለኪያ፦ የዮጋ ሕክምናና የአዩርቬዳ ታሪካዊ ጉዞ

ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ዘንድ ሲመጣ እምነቱን ከደጅ አስቀምጦ አይገባም፤ ጸሎቱንና ጾሙን፣ ከአያቶቹ የወረሰውን መድኃኒት ጭምር ይዞ ይገባል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ እንደ ከንቱ ነገር ቢያጣጥለው የሕመምተኛውን አመኔታ ያጣል፤ ሁሉንም ሳይመረምር ቢቀበል ደግሞ ሙያውን ይዘነጋል። ይህ ፈተና በየሀገሩ ያለ ቢሆንም፣ በሕንድ የሂንዱ እምነት ተከታዮች ዘንድ የዮጋና የአዩርቬዳ ታሪክ በተለየ ግልጽነት ያሳየዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ ሥርዓቶች ከአምልኮ ስፍራ ወደ ቤተ ሙከራ ያደረጉትን ጉዞ ባጭሩ መቃኘትና ለጤና ባለሙያ የሚተውትን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዩርቬዳ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ትርጉሙ የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። ዋና መሠረቶቹ በቻራካና በሱሽሩታ ስም የሚጠሩት ጥንታዊ ድርሳናት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በይበልጥ ስለ ውስጥ ደዌ፣ ሁለተኛው ስለ ቀዶ ሕክምና በሰፊው ያስተምራሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት ጤና ማለት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የተባሉት ሦስቱ የሰውነት ኃይሎች ሚዛን ነው፤ ሕመም ደግሞ የዚህ ሚዛን መዛባት ነው። ሥርዓቱ ከአምልኮ የተለየ አይደለም። ሂንዱዎች ዳንቫንታሪን የሕክምና አምላክ አድርገው ያከብራሉ፤ መታሰቢያውም በዲዋሊ በዓል መግቢያ ላይ ይውላል።

ሆኖም የቻራካ ድርሳን ራሱ ሕክምናን በሦስት ከፍሎ ማስቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው በጸሎት፣ በማንትራና በመሥዋዕት የሚፈጸም ነው። ሁለተኛው ምክንያትን ተከትሎ በምግብና በመድኃኒት የሚደረግ ነው። ሦስተኛው አእምሮን ከሚጎዳው ነገር መግታት ነው። ስለዚህ የጥንቱ አማኝ ሐኪም ጸሎትንና መድኃኒትን ሳያጣላ፣ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ሳያምታታ ይዟቸው ይኖር ነበር ማለት ይቻላል።

ዮጋ ግን በመነሻው ሕክምና አልነበረም። ዓላማው ነፍስን ከዳግም ልደት እስራት ነጻ ማውጣት ነበር። የፓታንጃሊ የዮጋ ድርሳን ሕመምን የሚያነሣው በዚህ መንገድ ላይ ከሚጋረጡት እንቅፋቶች መካከል በመጀመሪያ ደረጃ በመቁጠር ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ደግሞ የአካል አቀማመጥን፣ የትንፋሽ ቁጥጥርንና ስድስት የማንጻት ሥርዓቶችን ይዘረዝራል። አካልን ማጽዳትና ማጠንከር ለመንፈሳዊው ጉዞ ዝግጅት ነበር፤ ጤና በመንገድ ላይ የሚገኝ በረከት እንጂ መድረሻው አልነበረም።

በ1835 የእንግሊዝ አስተዳደር በካልካታ የአውሮፓን ሕክምና ብቻ የሚያስተምር ኮሌጅ ሲያቋቁም፣ ቀደም ሲል ከምዕራቡ ትምህርት ጎን ይሰጥ የነበረው የሀገር በቀል ሕክምና ትምህርት ተቋረጠ። ነባሩ ዕውቀት ከመንግሥት ድጋፍ ውጭ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሀገሪቱ ምሁራን በሁለት ወገን ተሰለፉ፤ አንዱ ወገን ነባሩን ሁሉ ኋላ ቀር ሲለው፣ ሌላው ምንም ምርመራ የማያሻው ፍጹም ዕውቀት ነው አለ።

በጉጃራት፣ በናርማዳ ወንዝ ዳር በምትገኘው ማልሳር ፓራማሃምሳ ማድሃቭዳስ የተባሉ የዮጋ መምህር ነበሩ። ከእርሳቸው እግር ሥር የተማሩ ሁለት ደቀ መዛሙርት ሦስተኛ መንገድ ከፈቱ። አንደኛው ሽሪ ዮጌንድራ በ1918 በቦምቤይ የዮጋ ተቋም መሥርተው ዮጋን ለባለትዳሩና ለሠራተኛው ሕዝብ አቀረቡ። ሁለተኛው ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ናቸው። በ1883 የተወለዱት እኒህ ሰው በ1924 በሎናቭላ ካይቫልያዳማ የተባለውን ተቋም አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ዮጋ ሚማምሳ የተሰኘውን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። የመጽሔቱ ልዩ ጠባይ የድርሳናትን ትርጓሜ ከራጅ ምስልና ከግፊት መለኪያ ውጤት ጋር ጎን ለጎን ማውጣቱ ነበር።

ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱን ብቻ እንመልከት። ባስቲ በተባለው የማንጻት ሥርዓት ዮጊው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ውኃውን ያለ ምንም መሣሪያ ወደ ትልቁ አንጀቱ ይስባል። ይህ በነባሩ ትምህርት የሚገለጸው በሰውነት ውስጥ በሚዘዋወሩ ስውር የሕይወት ነፋሳት ነበር። ኩቫላያናንዳ ግን ሰውየው የፊት ለፊቱን የሆድ ጡንቻ ለይቶ በሚያወጣበት ጊዜ በአንጀቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለኩ። ግፊቱ ከውጭው አየር ግፊት በታች ሆኖ ተገኘ፤ ውኃውን የሚስበውም ይኸው የግፊት ልዩነት ነው። ያገኙትንም ክስተት በመምህራቸው ስም የማድሃቭዳስ ቫኪዩም ብለው ሰየሙት። የለካው እጅ የደቀ መዝሙር እጅ ነበር፤ መለካቱ መምህሩን ማቃለል ሆኖ አልታየውም። ስለ ትንፋሽ ልምምድም ቢሆን፣ ጥቅሙ ሰውነት ብዙ ኦክስጅን ማግኘቱ ነው የሚለውን የተስፋፋ ሐሳብ መለኪያው ስላልደገፈላቸው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል።

መለኪያ ሁልጊዜ ተአምርን አያጸድቅም። ፈረንሳዊቷ ሐኪም ቴሬዝ ብሮስ በ1935 የልብ መመዝገቢያ መሣሪያ ይዘው ሕንድ ሄዱና አንዳንድ ዮጊዎች ልባቸውን እስከ ማቆም የሚደርስ ቁጥጥር አላቸው የሚል ዘገባ አቀረቡ። ዜናው በዓለም ተሰማ። ዌንገር፣ ባግቺና አናንድ የተባሉት ተመራማሪዎች ጉዳዩን በተሻለ መሣሪያ መርምረው ውጤቱን በ1961 አሳተሙ። ዮጊዎቹ ትንፋሻቸውን ዘግተው የደረትና የሆድ ጡንቻቸውን አጥብቀው ሲወጥሩ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ በእጅ የሚዳሰሰው ትርታ ይጠፋል፤ በማዳመጫ የሚሰማው የልብ ድምፅም በጡንቻ ድምፅ ይሸፈናል። ኤሌክትሮካርዲዮግራፉ ግን ልባቸው መምታቱን እንዳልተወ መዘገበ። ጣትና ጆሮ የተታለሉበትን መሣሪያው ገለጠው።

አዩርቬዳም እንዲሁ በሁለቱም ወገን ትምህርት ሰጥቷል። ሳርፓጋንዳ የተባለው ተክል ሥር በሕንድ ለረጅም ዘመን ለአእምሮ መታወክና ለእንቅልፍ ማጣት ይሰጥ ነበር። ሴንና ቦዝ የተባሉ ሐኪሞች በ1931 የደም ግፊትን እንደሚቀንስ አስታወቁ፤ ቫኪል በ1949 በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ የብዙ ሕሙማንን ውጤት አቀረቡ፤ በ1952 ደግሞ ሬዘርፒን የተባለው ንጥረ ነገር በስዊዘርላንድ ተለይቶ ወጣ። መድኃኒቱ ከመጀመሪያዎቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች ተርታ ቆመ። በሌላ ወገን፣ በ2004 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ እንደያዙ አሳየ። በአንድ የአዩርቬዳ ዘርፍ ማዕድናት በረጅም ሂደት እንደሚነጹ ታምኖ ሆን ተብሎ ይቀመማሉ። ከአንድ ጓዳ የወጡ ሁለት ውጤቶች ናቸው፤ አንዱን ያዩ ሁሉን ቢያወድሱ፣ ሌላውን ያዩ ሁሉን ቢኮንኑ እኩል ይሳሳታሉ።

በ2014 የሕንድ መንግሥት ለነዚህ ሕክምናዎች ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰኔ መሐል፣ በአውሮፓውያኑ ጁን 21፣ የዓለም የዮጋ ቀን እንዲሆን ወሰነ። ክብሩ ግን ማስረጃ አይተካም። የኮክሬን ጥናታዊ ግምገማ በ2022 ሲታደስ፣ ዮጋ ለቆየ የወገብ ሕመም ምንም እንቅስቃሴ ካለማድረግ ይልቅ ጥቂት መሻሻል እንደሚያመጣ፣ ከሌላ የወገብ እንቅስቃሴ ግን ብዙም እንደማይለይ አመልክቷል። ይህ እንደ ማስታወቂያው አያስደንቅም፤ ለሕመምተኛ በሐቅ ሊነገር የሚችል ነገር ግን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለባለሙያ የሚተርፈው ምንድን ነው? በመጀመሪያ መጠየቅ ነው። የደም ማነስ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ቁርጠት ያለበት ሕመምተኛ የሚወስደው የባህል መድኃኒት ዱቄት ካለ የሚናገረው ሳይገሠጽ ሲጠየቅ ነው፤ የእርሳስ መመረዝ የሚደረስበትም በዚህ ጥያቄ ነው። በጭንቅላት መቆም የዓይን ውስጥ ግፊትን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ተለክቷል፤ ስለዚህ ግላኮማ ያለበት ሰው ዮጋ እንደሚሠራ ማወቅ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የጸሎቱን ስፍራ ለጸሎት፣ የመድኃኒቱን ስፍራ ለመድኃኒት መተው ነው፤ የቻራካ ድርሳን ሁለቱን ለይቶ እንዳስቀመጠ ሁሉ፣ በእምነቱ የሚጽናና ሰው ክኒኑን እንዲያቋርጥ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ኩቫላያናንዳ በ1966 አረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬም በሎናቭላ ይሠራል። ትተውት ያለፉት ትልቁ ውርስ የግፊት መለኪያውን መምህራቸውን ባከበሩበት እጅ መያዛቸው ነው። ጠበል ጠጥቶ፣ ዱዓ አስደርጎ ወይም የባህል መድኃኒት ወስዶ ወደ እኛ የሚመጣውን ሕመምተኛ የምናስተናግድ ሁሉ፣ ማክበርንና መመርመርን በአንድ እጅ መያዝ እንደሚቻል ከእኒህ ሰው ታሪክ እንረዳለን።