ገንዘቡን መቍጠር ያልወደደ ዘማሪ

ዘፋኝ በዘፈኑ ገንዘብ ቢያገኝ የድካሙ ዋጋ ነውና የሚነቅፈው የለም። የእግዚአብሔርን ስም እየጠራ የሚዘምር ሰው በመዝሙሩ ሲበለጽግ ግን፣ ሰሚው ብቻ ሳይሆን ራሱ ዘማሪውም «የማገለግለው አምላኬን ነው ወይስ ገበያዬን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮ ለመመለስ ከሞከሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የመዝሙር ደራሲ ሪች ሙሊንስ ነበር። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት፤ ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሪች ሙሊንስ በ1955 ዓ.ም. በኢንዲያና ክፍለ ሀገር በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ችግኝ እያፈላ በመሸጥ ይተዳደር ነበር፤ እናቱ ደግሞ ኵዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበረች። እነዚህ ክርስቲያኖች በጸሎታቸው ጸጥታን፣ በኑሯቸው ቀላልነትን የሚወዱ፣ ጦርነትንም የሚጠሉ ናቸው። ልጁ ገና በሕፃንነቱ ፒያኖ መምታት ተማረ፤ ከእናቱም ወገን የወረሰው የቀላል ኑሮ ፍቅር እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ከ1974 ዓ.ም. ዠምሮ በሲንሲናቲ ከተማ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲማር፣ በመኪና ማቆሚያ ቤት እየሠራ ወጪውን ይችል ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አዲስ ዐይነት መዝሙር ተነሥቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርንያ ወደ ክርስቶስ የተመለሱ ወጣቶች፣ የለመዱትን ጊታርና ከበሮ ሳይጥሉ በዚያው ዜማ ስለ እምነታቸው መዘመር ዠመሩ። ብዙ ሽማግሌዎች «የዳንኪራ ዜማ እንዴት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል?» እያሉ ነቀፏቸው። ነገር ግን ዘመን ሲገፋ ነቀፌታው እየላላ ሄደ፤ ነጋዴዎችም ትርፉን አዩ። የናሽቪል ከተማ የሸክላ አሳታሚዎች መናኸሪያ ሆነች፤ የራዲዮ ጣቢያም፣ ሽልማትም፣ ዝናም ተከተለ።

ሙሊንስ ወደዚህ ገበያ የገባው በደራሲነት ነው። በ1982 ዓ.ም. ኤሚ ግራንት የምትባለው ዘማሪት ከድርሰቶቹ አንዱን ዘምራ በአገሩ ሁሉ አሰማችው። በ1986 ዓ.ም. የራሱን የመዠመሪያ ሸክላ አወጣ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ትርጓሜው «ግሩም አምላክ» የሚሆነው መዝሙሩ ወጥቶ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚዘመር ሆነ። የሚያስደንቀው ግን ደራሲው ራሱ ይህን መዝሙር በድርሰትነቱ ደካማ ነው ብሎ መንቀፉ ነው። ሕዝብ ያጨበጨበለትን ሥራ ራሱ የሚመረምር ደራሲ ብዙ አይገኝም።

ዝናው ሲሰፋ ገንዘቡም በዛ፤ በዚህ ጊዜ ሙሊንስ ያደረገው ሥራ ስሙን ከብዙ ዘማሪዎች ለይቶታል። ከሸክላውና ከጉዞው የሚገኘው ገቢ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እጅ እንዲገባ አደረገ። እነርሱም በዚያው ዓመት አንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ሠራተኛ የሚያገኘውን ያኽል ደመወዝ ቈርጠው ይሰጡታል፤ የተረፈውን ለምጽዋትና ለበጎ አድራጎት ያውሉታል። የገቢውም ልክ እንዳይነገረው ከለከለ፤ ምክንያቱም ልኩን ካወቀ መስጠቱ እንደሚከብደው ያውቅ ነበር። የገዛ ልቡን ስለማያምን፣ በእጁና በገንዘቡ መካከል አጥር አጠረ ማለት ነው።

በሥራውም ቢሆን ገበያው የሚወደውን ብቻ አልተከተለም። በሳጥን ላይ በተዘረጉ አውታሮቹ በሁለት ትንንሽ የእንጨት መዶሻዎች የሚመታውን ዳልሲመር የሚባለውን ጥንታዊ መሣሪያ ወደ አዲሱ መዝሙር አስገባ። በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ሸክላም፣ የከፊሉን ሥርዐት በቅዳሴ አምሳል ሠርቶ የሐዋርያትን የሃይማኖት መግለጫ በዜማ አሰማ። አጃቢዎቹን «ቡቱቶ ለባሾች» ብሎ ሰየማቸው፤ ስያሜውንም የወሰደው በፊት የፍራንቸስኮስ ማኅበር ካህን ከነበረው ከብሬነን ማኒንግ መጽሐፍ ነው። እርሱም ራሱ ብዙ ጊዜ ጫማ ሳያደርግ በሕዝብ ፊት ይቆም ነበር።

ሀብቱን ትቶ ከድኾች ጋር የኖረው የአሲዚው ፍራንቸስኮስ አብነቱ ነበር። ስለዚህ ሙሊንስ ዝናው በደረጀበት ወራት ተመልሶ ተማሪ ሆነ፤ በካንሳስ ክፍለ ሀገር በዊቺታ ከተማ የሙዚቃ መምህርነትን አጥንቶ በ1995 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም ለናቫሆ ነገድ ወደ ተከለለው ምድር ሄዶ ሕፃናትን ሙዚቃ ያስተምር ዠመር። የሄደውም ሌላውን ለማዳን ሳይሆን የራሱን መዳን ለመፈጸም እንደ ሆነ ይናገር ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር፣ በአንድ ባዶ በቀረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ፣ ስለ ኢየሱስ የደረሳቸውን አዳዲስ መዝሙሮች በአንዲት ትንሽ መቅረጫ ቀረጸ። ዘጠኝ ቀን ቈይቶ፣ በ19ኛው ቀን ማታ፣ ለበጎ አድራጎት ሊዘምር ወደ ዊቺታ ሲጓዝ በኢሊኖይ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 41 ዓመት ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ያቺ ሻካራ ቅጂ በ1998 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ዝማሬ ጋር ታትማ ወጣች።

ሙሊንስ ገበያውን አልሸሸም፤ ገበያው ባይኖር ድምፁ ከአንድ ከተማ ባልወጣም ነበር። ይልቁንም በገበያ መካከል ቆሞ ገበያው በልቡ እንዳይገባ የሚጠብቅበትን ዘዴ አበጀ። ዘዴውም ሦስት ነገር ነበር፤ የሚያምናቸው ሽማግሌዎች፣ የተወሰነ ደመወዝ፣ ለማወቅ አለመፈለግ። በአገራችንም መዝሙር በካሴት፣ ኋላም በሌላ መሣሪያ እየተቀዳ ከተሸጠ ብዙ ዘመን ሆኗልና፣ ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሁሉ ሰው እንደ እርሱ ያድርግ ማለት አይቻልም። ነገር ግን በአደራ የተሰጠውን ስጦታ ለጥቅሙ እንዳያውለው የሚፈራ ሁሉ፣ ዘማሪም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ በራሱ ላይ ተቈጣጣሪ ቢሾም እንደማይጐዳ ከዚህ ሰው ታሪክ ይማራል።