የዘገየ መንገደኛና ቲኬቱ፤ በሚቀጥለው ባቡር የመሄድ መብት ታሪክ

መግቢያ

አንድ መንገደኛ ለጧቱ ባቡር ቲኬት ገዝቶ ሳይደርስ ቢቀርና ከቀትር በኋላ በሚነሣው ባቡር ልሂድ ቢል፥ በእጁ የያዘው ቲኬት ያገለግለዋል ወይስ አያገለግለውም? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ለቲኬት ተቆጣጣሪ እንጂ ለታሪክ ተማሪ የሚቀርብ አይመስልም። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንመረምረው በውስጡ ሌላ ታላቅ ጥያቄ ተሰውሮ እናገኛለን፤ ይኸውም መንገደኛው ገንዘቡን ሲከፍል የገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው። የገዛው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ መድረስን ከሆነ፥ ባቡሩ የጧት ቢሆን የማታ ልዩነት የለውም። የገዛው በተወሰነ ሰዓት በሚነሣ ባቡር ላይ ያለ አንድ መቀመጫን ከሆነ ግን፥ ባቡሩ ሲነሣ የገዛውም ነገር አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፋችን ጥያቄው በልዩ ልዩ አገሮችና ዘመናት እንዴት እንደ ተመለሰ ለማሳየት እንሞክራለን። ዋናው አሳባችን የሚከተለው ነው። በሚቀጥለው ባቡር የመሄድ ነጻነት ከኩባንያዎች ቸርነት ወይም ከሕግ አውጪዎች ርኅራኄ የተወለደ ሳይሆን፥ በአብዛኛው ከቲኬቱ አሠራር የተገኘ ነው። አሠራሩ በተለወጠ ጊዜም ነጻነቱ ራሱ በዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። ያንን ዋጋ መክፈል የሚያቅተው መንገደኛ ደግሞ በየዘመኑ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ እርሱም ድሃው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

ከፈረስ ሠረገላ የተወረሰ ልማድ

ባቡር ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ አገር ከከተማ ወደ ከተማ የሚመላለሰው መንገደኛ የሚጓዘው በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ነበር። መሄድ የፈለገ ሰው ሠረገላው ወደሚነሣበት የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሄዶ ስሙን በመዝገብ ያስጽፋል፤ ጸሐፊውም ስሙን፥ የሚሄድበትን ስፍራና የከፈለውን ገንዘብ ይመዘግባል። በሠረገላው ላይ የሚገኘው ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ፥ የተመዘገበው ሰው ቦታው የሚጠበቅለት በዚያው ሠረገላ ብቻ ነበር። እንግሊዞች ባቡር ከመጣ በኋላም የቲኬት መሸጫውን ክፍል ለረጅም ዘመን «የመመዝገቢያ ቤት» በሚል ትርጉም ባለው ስም መጥራታቸው የዚህ ልማድ ትዝታ ነው።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 የተከፈተው የሊቨርፑልና የማንችስተር ምድር ባቡር ይህንኑ ልማድ ወረሰ። ጸሐፊው ከጥራዝ በሚቀደድ ወረቀት ላይ የጉዞውን ዝርዝር በእጁ እየጻፈ ለመንገደኛው ይሰጥ ነበር፤ ወረቀቱም የሚያገለግለው ለተጻፈበት ባቡር ነበር። በ1832 የተከፈተው የሌስተርና የስዋኒንግተን መስመር ግን ሌላ ዘዴ ፈለገ። በወረቀት ፈንታ ስምንት ማዕዘን ያለው የናስ ምልክት ይሰጥ ጀመር፤ መንገደኛው ከደረሰ በኋላ ምልክቱ ተሰብስቦ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ደጋግሞ በሚሸጥ ናስ ላይ ቀንና ሰዓት ሊጻፍ አይችልም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ዓይነት ቲኬት ነበረ ማለት ነው፤ አንዱ ባቡሩን የሚያውቅ፥ ሌላው መንገዱን ብቻ የሚያውቅ።

የአናጢው ካርቶን

ከእነዚህ ከሁለቱ ሁለተኛው እንዲያሸንፍ ያደረገው ቶማስ ኤድመንድሰን የተባለ ሰው ነው። ኤድመንድሰን በ1792 በላንካስተር ከተማ ተወለደ፤ በሙያው የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። ንግዱ ከከሰረበት በኋላ በ1836 በኒውካስልና በካርላይል ምድር ባቡር ተቀጥሮ የሚልተን ጣቢያ ሹም ሆነ። ለእያንዳንዱ መንገደኛ ወረቀት በእጅ መጻፍ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነበር፤ ከዚህም በላይ ሻጩ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ ማስገባቱን የሚያረጋግጥ ምንም ዘዴ አልነበረም። ስለዚህ ኤድመንድሰን የመነሻውንና የመድረሻውን ስም፥ ማዕረጉንና ተራ ቁጥሩን በትንሽ ካርቶን ላይ አስቀድሞ ማተም ጀመረ። ካርቶኑ 57 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 30 ሚሊ ሜትር ወርድ ነበረው። ከዚህ ቀጥሎ በሽያጭ ጊዜ ቀኑን በካርቶኑ ላይ የሚያትም አንድ ትንሽ መኪና ሠራ።

የሒሳቡ አሠራር ቀላል ነበር። ማታ በመደርደሪያው ላይ ከቀረው የመጀመሪያ ካርቶን ቁጥር ላይ ጧት የነበረው ቁጥር ሲቀነስ፥ በዚያ ቀን ስንት ቲኬት እንደ ተሸጠ ይታወቃል። ኤድመንድሰን በ1839 ወደ ማንችስተርና ሊድስ ምድር ባቡር ተዛወረ። በዘዴው የሚጠቀሙ ኩባንያዎችም ለእያንዳንዱ ማይል መስመራቸው በዓመት 10 ሽልንግ ይከፍሉት ነበር። እርሱ በ1851 ቢሞትም ካርቶኑ በብሪታንያ ምድር ባቡር እስከ 1990 ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ካርቶኑ የሚናገረውንና የማይናገረውን ነው። ከየት ወዴት፥ በስንተኛ ማዕረግ፥ በየትኛው ቀን መሆኑን ይናገራል፤ በስንት ሰዓት በሚነሣው ባቡር መሆኑን ግን አይናገርም። ለእያንዳንዱ ባቡር የተለየ ካርቶን ማተም ብዙ ወጪና ብዙ መደርደሪያ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፥ ለተራው ጉዞ እንዲህ ማድረግ አልተሞከረም። ኤድመንድሰን የተነሣው የገንዘብ መጉደልን ለመከልከል እንጂ የዘገየን መንገደኛ ለመርዳት አይደለም። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ካርቶኑን አገላብጦ ቢመለከት መንገደኛው ለየትኛው ባቡር እንዳሰበ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የጧቱ ባቡር ያመለጠው ሰው የቀትሩን ተሳፍሮ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት ለሚቀጥለው ባቡር በሩን የከፈተው ይህ የካርቶኑ ዝምታ ነው።

በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣ ባቡር

ይሁን እንጂ ይህ በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። በ1844 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ኩባንያዎች በየመስመራቸው ለሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ቢያንስ በቀን አንድ ባቡር እንዲያስነሡ አስገደደ። የባቡሩ ፍጥነት ማቆሚያውን ጨምሮ በሰዓት ከ12 ማይል እንዳያንስ፥ ፉርጎው ጣሪያ እንዲኖረው፥ ዋጋውም ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከዚያ በፊት ብዙ ድሆች ጣሪያ በሌለው ፉርጎ ዝናብና ብርድ እየመታቸው ይጓዙ ስለ ነበር፥ ሕጉ ታላቅ በጎ ሥራ መሆኑን አንክድም።

ነገር ግን ብዙዎቹ ኩባንያዎች በሕጉ ከታዘዙት ብዙም አላለፉም። በርካሹ ዋጋ የገዛ ሰው ባቡሩ ካመለጠው በዚያው ቀን ሌሎች ባቡሮች በፊቱ ሲያልፉ እያየ እስከ ነገ መጠበቅ፥ ወይም የሌላውን ማዕረግ ዋጋ መክፈል ነበረበት። የአንደኛ ማዕረጉ መንገደኛ ሲዘገይ የሚጎዳው በሁለትና በሦስት ሰዓት ነው፤ የሦስተኛ ማዕረጉ ግን በአንድ የሥራ ቀን ደመወዝ ነው። ይህ ልዩነት መጥበብ የጀመረው የሚድላንድ ምድር ባቡር ከኤፕሪል 1872 ጀምሮ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞችን በባቡሮቹ ሁሉ ለመቀበል በወሰነ ጊዜ ነው። ኩባንያው ይህን ያደረገው ብዙ መንገደኛ ለማግኘት ነው፤ ሌሎቹም ተወዳዳሪዎቹ ገበያቸው እንዳይወሰድባቸው ተከተሉት። ስለዚህ ድሃው በሚቀጥለው ባቡር የመሄድ ዕድል ያገኘው ከሀብታሙ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ ነው።

የዳኞች ፍርድ

የዘገየው መንገደኛው ሳይሆን ኩባንያው የሆነ እንደ ሆነስ? ስለዚህ ነገር ሁለት የታወቁ የእንግሊዝ ፍርዶች አሉ። የመጀመሪያው በ1856 ዴንተን በተባለ ከሳሽና በታላቁ የሰሜን ምድር ባቡር መካከል የተሰጠው ነው። ኩባንያው ወደ ሃል ከተማ የሚያደርስ የማታ ባቡር መቅረቱን ካወቀ በኋላ ባሳተመው የሰዓት ሰሌዳ ላይ እንደ ነበረ ተወው፤ ከሳሹም ሰሌዳውን አምኖ ጣቢያ ቢደርስ ባቡሩን አጣ። ዳኞቹ ኩባንያው ኃላፊ ነው ብለው ፈረዱ። በዚህም ፍርድ የታተመ ሰሌዳ ተራ ማስታወቂያ ሳይሆን ቃል ኪዳን መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው በ1876 ለ ብላንሽ የተባለ ሰው በለንደንና በሰሜን ምዕራብ ምድር ባቡር ላይ ያቀረበው ክስ ነው። ከሊቨርፑል ወደ ስካርቦሮ ሲጓዝ የተሳፈረበት ባቡር ሊድስ ዘግይቶ ስለ ደረሰ ተቀጣዩ ባቡር አመለጠው። ዮርክ ሲደርስም ተራውን ባቡር አልጠብቅም ብሎ ለራሱ ልዩ ባቡር ተከራየ፤ ከተራው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞም ደረሰ። ኪራዩን ኩባንያው ይክፈለኝ ብሎ ቢከስም የይግባኙ ፍርድ ቤት አልፈቀደለትም። አስቸኳይ ጉዳይ የሌለው አስተዋይ ሰው በራሱ ገንዘብ የማያደርገውን ነገር በሌላው ገንዘብ ሊያደርግ አይገባውም ተባለ። ከዚህ ፍርድ የምንረዳው፥ የሚቀጥለው ባቡር የመንገደኛው መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም እየሆነ መምጣቱን ነው።

የእኛ አገር ሐዲድ

ወደ አገራችን ስንመለስ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሥራ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ተፈጸመ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የመንገደኛው ባቡር በቀን ብቻ እየተጓዘ በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ስለ ነበር ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በሳምንት የሚነሡትም ባቡሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

እንዲህ ባለ መስመር ላይ «ቲኬቱ በሚቀጥለው ባቡር ያገለግላል» ቢባል እንኳ ለመንገደኛው የሚሰጠው እፎይታ ጥቂት ነው። የሚቀጥለው ባቡር የሚነሣው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያው ለማደሪያና ለምግብ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጅቡቲ ወደብ የቆመው መርከብም አይጠብቅም። እንግዲህ የመብቱ ዋጋ በቲኬቱ ላይ በተጻፈው ደንብ ብቻ ሳይሆን በሁለት ባቡሮች መካከል ባለው ጊዜም ይለካል ማለት ነው። ባቡር በየሰዓቱ በሚነሣበት አገር ይህ መብት ብዙ ነው፤ በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ በሚነሣበት አገር ግን ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

ዝምታው ሲሰበር

ካርቶኑ ዝም ያለው ለየባቡሩ መመዝገብ ውድ ስለ ነበረ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ይህ ምክንያት ፈረሰ። የጃፓን ብሔራዊ ምድር ባቡር በ1960 ማርስ አንድ በተባለ መኪና መቀመጫ መመዝገብ ጀመረ። በፈረንሣይ አገር ፈጣኑ ባቡር ቴ.ዠ.ቬ. በ1981 ሥራ ሲጀምር መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ሆነ፤ በ1993 ደግሞ ሶክራት የተባለው የመመዝገቢያ ሥርዓት ከአየር መንገዶች በተገኘ አሠራር ተተከለ። የጀርመን ምድር ባቡር በዲሴምበር 2002 ባወጣው አዲስ ታሪፍ አስቀድሞ ለሚገዛና ባቡሩን ለሚወስን ሰው ትልቅ ቅናሽ ሰጠ። ነገር ግን የሕዝብ ተቃውሞ ስለ በረታ በ2003 ታሪፉን ለማሻሻል ተገደደ። በብሪታንያም ዛሬ ርካሹ ቲኬት ለአንድ ባቡር ብቻ የታሰረ ነው፤ በማናቸውም ባቡር የሚያስኬደው ብዙ ጊዜ እጅግ ውድ ነው።

ለኩባንያዎቹ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ባቡሩን የሚወስን መንገደኛ ባዶ የሚሄደውን መቀመጫ አስቀድሞ ለመሙላት ይረዳል፤ ለዚህም ቅናሽ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ሰዓቱን መወሰን የሚችል ማን ነው? የራሱ ጌታ የሆነ ሰው ይችላል። አሠሪው ሳያሰናብተው የማይወጣው የቀን ሠራተኛ፥ ከሐኪም ቤት መቼ እንደሚለቀቅ የማያውቀው በሽተኛ፥ ከገጠር በእግር ወደ ጣቢያ የሚመጣው ገበሬ ግን አይችሉም። ይሁንና ገንዘብ ስለሚያጥራቸው የታሰረውን ቲኬት የሚገዙት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ሊዘገይ የሚችለው ሰው እንዳይዘገይ የሚያስገድደውን ቲኬት ይይዛል። የ1844ቱ የፔኒ ባቡር በአዲስ መልክ ተመለሰ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሆኖም መኪናው ራሱ ጨካኝ አይደለም። በጃፓን ለተወሰነ ባቡር መቀመጫ ይዞ የዘገየ ሰው፥ መቀመጫውን ቢያጣም በአብዛኛው በዚያው ቀን በኋላ በሚነሣ ባቡር ላይ መቀመጫ ባልተያዘበት ፉርጎ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ይህ ደንብ መቀመጫና ጉዞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቀ ደንብ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ባወጣውና በ2021 ባደሰው ደንብ፥ ባቡሩ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ መንገደኛው ገንዘቡን እንዲቀበል፥ ወይም በቅርቡ ባቡር እንዲሄድ፥ ወይም ለራሱ በሚመቸው በሌላ ቀን እንዲጓዝ መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ግን የሚሠራው ያጠፋው ኩባንያው ሲሆን ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው የሠረገላው መዝገብ መንገደኛውን ለአንድ ሰዓት አሰረው፤ የአናጢው ካርቶን ሳያስበው ፈታው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ማሰርንም መፍታትንም እኩል ቀላል አደረገ። ከእንግዲህ በአሠራሩ ማሳበብ አይቻልም፤ የሚወስነው ደንቡን የሚጽፈው ሰው ነው።

በአገራችን በ2016 ተመርቆ በ2018 የንግድ ሥራውን የጀመረው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር ገና በወጣትነቱ ላይ ነው። ወደ ፊት ሐዲዶች ሲበዙ የቲኬት ደንብም እየተስፋፋ መጻፉ አይቀርም። ያን ጊዜ ደንብ አርቃቂዎቹ ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው እንላለን፤ የጠፋ መቀመጫ የጠፋ ጉዞ እንዳይሆን፥ በርካሹ ቲኬት ላይ የታሰረው ሁኔታ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ በግልጽ እንዲጻፍ፥ የሚቀጥለው ባቡር ከቀናት በኋላ በሚነሣበት መስመር ለዘገየው ሰው የሚሰጠው ጊዜ በዚያው ልክ እንዲረዝም። በዚህ ርእስ ላይ ከእኛ የተሻለ እውቀት ያላቸው መምህራንና ጓደኞቻችን አሳባቸውን ቢያካፍሉን በታላቅ ደስታ እንቀበላለን።