ባስልዮስ፤ በእርኩም የተጠራው የላስታ ሠዓሊ

የመጽሐፍ ታሪክ ሲነሣ የደራሲው ስም ይቀድማል፤ ገጹን በቀለም ያበራው እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይወሳ ይቀራል። ኮን የምትገኝበት የዋድላ ምድር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የዋድላ ቅኔ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ተቆጥሮ በስሙ ይጠራል፤ የመምህራኑም ሐረግ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። በዚያው በላስታ ደጋ ብራና ላይ ሥዕል ሲሥሉ ከኖሩት ባለሙያዎች ግን ስማቸው የተረፈላቸው ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ባስልዮስ ነው።

ባስልዮስ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ነው። ዘመኑ የሁከት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1629 መልክአ ክርስቶስ በላስታ ሆኖ በዐፄ ሱስንዮስ ላይ ተነሣ፤ በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በ1636 ጎንደር ተቆረቆረች። የጎንደር ሥዕል በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር ሲያድግ፣ በላስታ የራሱ መልክ ያለው የብራና ሥዕል ይሠራ ነበር።

ሥራው ብዙ እጅ የሚጠይቅ ነበር። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ ጸሐፊው በመቃ ብርዕ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እያፈራረቀ ይጽፋል፤ ሠዓሊውም በተተወለት ቦታ ላይ ሥዕሉን ያሰፍራል። የባስልዮስ እጅ እንዳረፈበት ከሚታመንባቸው መጻሕፍት አንዱ በዚያው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የተዘጋጀ አርጋኖነ ማርያም ነው። ድርሰቱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሲሆን፣ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል። ሠዓሊው በብርሃንና በጥላ አይራቀቅም፤ መሥመሩን አጥብቆ ያሰምራል፣ ውስጡን በደማቅ ቀለም ይሞላል፣ ልብሱንም በጌጥ ይሸልማል።

የጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ሰው «የእርኩሙ ሊቅ» ይሉታል። እርኩም በጥቁር ላባዋና በትልቅ ምንቃሯ የምትታወቅ፣ ከመብረር ይልቅ በመሬት ላይ መመላለስ የሚቀናት ወፍ ናት። የብራና መጻሕፍት ሊቅ በንጉሥ ወይም በደብር ስም ሳይሆን እረኛ ልጅ በሚያውቃት ወፍ መጠራቱ ብዙ ይናገራል። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ጽሑፉን ባያነብም ወፊቱን ያውቃታል፤ በእርሷም በኩል ወደ መጽሐፉ ይገባል። ዛሬ ለሕፃናት መጽሐፍ የሚሥል ባለሙያ ተግባሩ ይኸው አይደለምን?

ያ አርጋኖን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ንብረት ነው። ብራናው ሩቅ ቢሆንም ምሳሌነቱ ሩቅ አይደለም። የላስታ ሕፃናት በሚማሩባቸው መጻሕፍት ውስጥ የባስልዮስ መሥመርና ቀለም ቢታተም፣ አዲስ የሚሣለውም መጽሐፍ ከደራሲው ስም ጎን የሠዓሊውን ስም ቢይዝ፣ የሚመጣው ትውልድ ሠዓሊውን በወፍ ምልክት ለመፈለግ አይገደድም።