«ኦዱ ስንት ነው?»

በየሰፈሩ የውርርድ ቤት «ኦድ» ሲባል እሰማለሁ፤ አንዳንዱ ዕድል፣ ሌላው ትርፍ ይለዋል። በእንግሊዝኛ ሥሩ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ከዚያ አለመመጣጠን፣ ኋላም የውርርድ ቃል ሆነ። እኛ ጋ ሥራው ማባዛት ነው፦ በ2.50 ኦድ የተያዘ 100 ብር፣ ከተሳካ 250 ሆኖ ይመለሳል (ግብሩን ለጊዜው እንተወው)፤ ትርፉ 150 ነው። አሜሪካኖች ይህንኑ በ«መኒላይን» +150 ብለው ይጽፉታል፤ -200 ካሉ ግን 100 ለማትረፍ 200 አስይዝ ማለታቸው ነው። መኒላይን የውርርድ ዓይነት ስም ሲሆን ደግሞ የጎል ወይም የነጥብ ልዩነት አይቆጥርም፤ በአማርኛ «የአሸናፊ ውርርድ» ይበቃዋል። ኦድን «ዕድል» ማለት ግን አልወድም፤ አወራራጁ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቀንሶበታልና። «ማባዣ» ብንለውስ?