ጥይት በእጅ መሙላትና የላስታ ጦረኛ

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ስለ ጦርነት ሲያወሩ የጠመንጃውን ቍጥር አጥብቀው ይይዛሉ፤ ስለ ጥይቱ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። እገሌ ይህን ያህል ነፍጠኛ አሰለፈ፥ እገሌ ይህን ያህል ጠመንጃ ማረከ ይባላል። ጠመንጃው ምን ይጐርስ እንደ ነበረ፥ የጐረሰውንስ ማን እንደ ሞላው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን የላስታንና የዋግን ታሪክ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ፥ ካላመለከትን በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ላስታን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላሊበላ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ተከዜም ምንጩ ከዚያው አገር ነው። ሸንተረሩ ከሸንተረሩ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፤ በመካከሉ ግን ገደል አለ። እንዲህ ባለ አገር ጠላቱን በዓይኑ የሚያየው ሰው ሄዶ ሊደርስበት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሩቅ አልሞ መምታት ትልቅ ሙያ ነው። የጥይት አሞላል ጉድለት የሚገለጠውም እዚሁ ላይ ነው። በአርባ እርምጃ ላይ የባሩዱ ማነስ ወይም መብዛት እምብዛም አይታወቅም። አንድ እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ ግን፥ የአየሩን መከላከል ትተን ብናሰላው፥ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ2 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከመቶ አምስት እጅ ፍጥነት ቢጐድልበት ደግሞ ሌላ አንድ ስንዝር ያህል ይወርዳል። ተኳሹ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፥ ዓይኑም ሳይሳሳት ደረት ያለመው ሆድ ይመታል፤ ከዚያም ቢብስ ድንጋይ ይመታል ማለት ነው።

በአፈሙዙ በሚጐርሰው ጠመንጃ ዘመን እያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የተሞላ ነበር። ባሩዱም በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር፤ ከሰሉ ከእንጨት ይከሰላል፥ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣል፥ ሦስተኛው ጨው ከአፈር እየታጠበና እየተፈላ ይወጣል። ይህ ጨው በሙቅ ውሃ በብዛት ይሟሟል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ተመልሶ ይረጋል። የደጋው ሌሊት ብርድ ለዚህ ሥራ ሳይረዳ አልቀረም። ችግሩ የማጣራቱ ነው። ሌሎች ጨዎች ተቀላቅለው የቀሩበት ባሩድ እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ጉም ውስጥ ያደረ ባሩድ እንደ በጋው አይነድም። መጠኑም የሚሰፈረው በቀንድ ወይም በቍራጭ ዕቃ እንጂ በሚዛን አልነበረም። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ ትምህርት ስንማር አንዲትን ግራም በትክክል ለመመዘን ስንት ጊዜ እንደ ተሳሳትን ስናስታውስ፥ በጦር ሜዳ በቀንድ የሚሰፍረውን ሰው ለመንቀፍ አንደፍርም።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሳም የሆነውን ጦርነት በዚህ መልክ ልናየው ይገባል። የዋጉ ተወላጅ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር። ሠራዊታቸው 60,000 ያህል፥ የደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን 12,000 ያህል ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። (ንጉሡ የካሳን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን ያገቡ ስለ ነበሩ የአማቾች ጦርነት ነበር።) ድል ያደረጉት ካሳ ናቸው፤ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲናገር እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ ለካሳ የሰጡትን መድፍና ጠመንጃ፥ የእንግሊዛዊውንም የኪርካምን አሠልጣኝነት ያነሣል። ይህ እውነት ነው። እኛ የምንጨምረው ጠመንጃው ከነጥይቱ መሰጠቱን ነው። የፋብሪካ ጥይት አንዱ እንደ ሌላው ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ርቀቱን የለየ ተኳሽ ሁለተኛውንም እዚያው ያደርሳል። በየቀንዱ በተሰፈረ በያይነቱ ባሩድ የሚተኩስ ጦር ግን፥ ቍጥሩ አምስት እጥፍ ቢሆንም፥ ተኩሱ አንድ አይሆንም። ሽንፈቱን በላስታ ሰው ልብ ማነስ ለሚያመካኙ ይህን አስቡ እንላለን።

ይህን ስንል በእጅ የተሞላ ሁሉ ከፋብሪካው ያንሳል ማለታችን አይደለም። ከአሳም ሦስት ዓመት በኋላ፥ በፈረንጆች 1874 ዓ.ም.፥ በኒው ዮርክ አጠገብ በክሪድሙር የአየርላንድና የአሜሪካ ተኳሾች እስከ 1,000 ያርድ ርቀት በዒላማ ተወዳደሩ። አየርላንዶቹ በአፈሙዝ በሚጐርስ፥ አሜሪካኖቹ ከኋላ በሚጐርስ ጠመንጃ ተኰሱ፤ ውጤቱም 934 ለ931 ሆነ። የሦስት ነጥብ ልዩነት ብቻ መሆኑ የሚያሳየን፥ በጥንቃቄ የተሰፈረ ባሩድ በአሮጌውም ጠመንጃ ቢሆን ሩቅ እንደሚያደርስ ነው። ለላስታው ጦረኛ የጐደለው እጅ ሳይሆን ሚዛንና የተጣራ ባሩድ ነበር።

በዚያው በፈረንጆች 1874 ዓ.ም. የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ፉዚ ግራ ወደ አገራችን ገብቶ ውጅግራ ተባለ። ናስ ቀለሃው 5 ግራም ጥቂት የሚያልፍ ጥቁር ባሩድና 25 ግራም እርሳስ ይይዛል። ከተተኰሰ በኋላ ቀለሃው አይጣልም፤ ታጥቦ እንደ ገና ሊሞላ ይችላል። በቀለሃው ቂጥ ያለችውን ተቀጣጣይ ቆብ ግን የመንደር ባለሙያ ሊሠራት አይችልም፤ በዚህ ሥራ አስቸጋሪዋ እርሷ ነበረች። ሌላም ነገር አለ። ናስ ሲተኰስ ይሰፋል፤ የተኰሰውን ጠመንጃ ጕሮሮ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ የራሱን ቀለሃ ለራሱ ጠመንጃ የሚሞላ ሰው ከገበያ ከለቀመው ሰው የተሻለ ይተኵሳል። ዛሬም በውጭ አገር በረጅም ርቀት የሚወዳደሩ ዒላማ ተኳሾች ባሩዱን በየአንዳንዱ መዝነው፥ ቀለሃውን ለየጠመንጃው ለይተው የሚያስቀምጡት ስለዚህ ነው።

በእኛ አገር ግን ጥይት እንደ አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ጥይት ገንዘብ ሲሆን ዋጋው በመቈጠሩ ነው እንጂ በጥራቱ አይደለም። በዝናር ውስጥ የከረመው፥ እርጥበት ያገኘው፥ ሁለተኛ የተሞላውም ሁሉ እኩል ይቈጠራል። ገበያው የጥንቁቁን ሞዪ ሥራ ከሰነፉ አይለይለትም ነበር።

ፈረንሳዮች በፈረንጆች 1886 ዓ.ም. በለቤል ጠመንጃ ጭስ አልባውን ባሩድ ሥራ ላይ አዋሉት። ይህ ባሩድ ከከሰልና ከድኝ የሚሠራ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ፋብሪካ ይፈልጋል። እነምንሽር በአገራችን ሲበዙ ርቀቱ ጨመረ፤ ሞዪው ግን ሥራ ፈታ። ሕዝቡ የተሻለ ጠመንጃ በያዘ መጠን ለጥይቱ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነ። የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥልን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ዋዜማ በሩ ሲዘጋ የዚህ ዕዳ ተከፈለ።

የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በዋግና በላስታ በፋሺስቶች ላይ ሲነሡ የወረሱት ይህንኑ ነበር። አገሩ ያው አልሞ ለመተኰስ የሚመች አገር ነው፤ ተኳሹም አልጠፋም። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ከእርሳቸው በኋላ ለቀሩት አርበኞች ለምንሽሩ የሚሆነው ጥይት የሚገኘው በአብዛኛው ከጠላት ዝናር ነበር፤ ያንንም ለማግኘት አስቀድሞ መተኰስ ያስፈልጋል። አሮጌው ውጅግራ ግን ባሩድ፥ እርሳስና ቆቧ እስከ ተገኙ ድረስ በየጐጆው ሊሞላ ይችል ነበር።