የዥረት ሣጥን፦ «ቲቪ ቦክስ» ምንድን ነው? ለደጋው ቤትስ የትኛው ይሻላል?

የዥረት ሣጥን (ስም)፦ በኢንተርኔት የሚመጣን ምስልና ድምፅ እየተቀበለ በቴሌቪዥን የሚያሳይ አነስተኛ መሣሪያ። የእንግሊዝኛ ስሙ «ስትሪሚንግ ቦክስ» ነው፤ ነጋዴው «ቲቪ ቦክስ» ወይም «አንድሮይድ ቦክስ» ይለዋል።

ደብረ ታቦር ላይ ብዙ ቤት ጣሪያው ላይ ዲሽ አለው። ዲሾቹ ቀድሞ ናይልሳትን ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች «ኢትዮሳት» በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሲሰባሰቡ፣ ዲሽ ሠሪው እንደገና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ መለሳቸው። የዥረት ሣጥን ግን ከሰማይ የሚጠብቀው ነገር የለም። የሚፈልገው ኢንተርኔት ነው። ከሪሲቨር የሚለየው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ሪሲቨር ጣቢያው በዚያ ሰዓት የሚያሰራጨውን ለሁሉም እኩል ያሳያል። የዥረት ሣጥን ግን ተመልካቹ ራሱ የመረጠውን፣ በመረጠው ሰዓት፣ ለእሱ ብቻ ያስመጣለታል።

ስያሜው

«ስትሪም» በትውልድ ቋንቋው የሚፈስ ውኃ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና እስኪገቡ ሲፈሱ ለሚያይ የደቡብ ጎንደር ሰው፣ አማርኛው «ዥረት» (ወይም «ጅረት») ሐሳቡን ሳያጎድል ይሸከመዋል፤ ውኃው እየመጣ ይቀዳል፣ አስቀድሞ ሁሉም ተጠራቅሞ አይጠበቅም። ስልካቸውን በአማርኛ የሚጠቀሙ ሰዎችም «በዥረት መልቀቅ» የሚለውን አባባል ያውቁታል። ስለዚህ «በዥረት ማየት»፣ «በዥረት መልቀቅ»፣ «የዥረት ሣጥን» ብንል እርስ በርሱ የሚገጥም የቃል ቤተሰብ እናገኛለን።

አንዳንዶች «የቀጥታ ስርጭት ሣጥን» ይላሉ፤ ይህ ግን ያሳስታል። ቀጥታ ስርጭት አሁን እየሆነ ያለውን አሁን ማሳየት ነው። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ባሕር ማዶ ያለ ልጅ እዚያው ሆኖ ቢከታተል፣ ያ ቀጥታም ነው፣ በዥረትም ነው። ከዓመታት በፊት የተሠራ ድራማ ዛሬ ከዩቲዩብ ሲታይ ግን በዥረት ነው እንጂ ቀጥታ አይደለም።

አሠራሩ

ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ቤት መውሰድ የተለመደ ነው። በዚያ አሠራር ፊልሙ በሙሉ መጀመሪያ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይታያል። በዥረት ሲሆን ፊልሙ የጥቂት ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ተከፍሎ ይላካል። አንዱን እያየን ቀጣዩ ይደርሳል፤ ሣጥኑም ጥቂት ቁርጥራጮችን ቀድሞ ይይዛል። ይህን «ቅድመ ክምችት» ልንለው እንችላለን፤ ባለሙያዎች «በፈር» የሚሉት ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ሣጥኑ ጥራቱ ዝቅ ያለ ቁርጥራጭ ይጠይቃል፤ ፊት የሚደበዝዘው፣ ጽሑፍ የማይነበበው ያን ጊዜ ነው። ክምችቱ ጨርሶ ሲያልቅ ደግሞ ምስሉ ይቆምና መሐል ላይ ያች ክብ ትዞራለች።

ዥረት ዳታ ይበላል። ኔትፍሊክስ ራሱ በሚሰጠው መመሪያ፣ መደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ ከፍተኛ ጥራት (ኤችዲ) እስከ 3፣ «ፎርኬ» የሚባለው ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይፈጃል። የሁለት ሰዓት ፊልም በኤችዲ እስከ 6 ጊጋባይት ይወስዳል ማለት ነው። በዋይፋይ ያልተገደበ መስመር ላለው ቤት ይህ ብዙ አያሳስብም። ከስልክ በሆትስፖት ለሚያይ ሰው ግን ጥራቱን ከቅንብሩ ዝቅ አድርጎ ማሰር የመጀመሪያው ሥራ ሊሆን ይገባል፤ ካልታሰረ ሣጥኑ መስመሩ የቻለውን ያህል ይስባል፣ ፓኬጁም ሳይታሰብ ያልቃል።

አመራረጡ

ሻጩ ሣጥኑን ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚያወራው ስለ «ፎርኬ» እና «ኤይትኬ» ነው። ገዢው ግን ከቤቱ ይጀምር። በመጀመሪያ ዕቃውን የምትጠቀሙበት ክፍል ውስጥ፣ በተለመደው የማታ ሰዓት፣ በስልክ ዩቲዩብ ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል እዩ። እንደ ኔትፍሊክስ መመሪያ ለመካከለኛ ኤችዲ በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለሙሉ ኤችዲ 5 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ስልኩ ላይ የሚቆራርጥ መስመር የትኛውም ሣጥን ላይ አይቃናም።

ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ተመልከቱ። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የኤቪ ቀዳዳ ብቻ ያለው የቆየ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ የኤቪ መውጫ ያለው ሣጥን ወይም መቀየሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ቴሌቪዥን ለፎርኬ ተጨማሪ ብር መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ቴሌቪዥኑ ስማርት ከሆነና ዩቲዩብን በደንብ የሚከፍት ከሆነ ደግሞ ሣጥኑ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። አንዳንድ ሪሲቨሮችም በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አንቴና ሲጨመርላቸው ዩቲዩብ ይከፍታሉ፤ አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ያንን መሞከር ብልህነት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ደኅንነት ነው፤ በዚህ ላይ ቸልታ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። በርካሽ የሚሸጡ፣ የጉግል ማረጋገጫ የሌላቸው ሣጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ወይም መተግበሪያ ሲጫንባቸው ሊበከሉ ይችላሉ፤ ከዚያ የባለቤቱን ኢንተርኔት ሌሎች ለወንጀል ይጠቀሙበታል። በእኛ ገበያ ዳታውን የሚከፍለው ባለቤቱ ስለሆነ ጉዳቱ ድርብ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አምራቹ የማይታወቅ ስም፣ «ሁሉም ቻናል ያለ ክፍያ» የሚል ማስታወቂያ፣ «ፕሌይ ፕሮቴክት» የተባለውን መከላከያ አጥፉ የሚል ትእዛዝ፣ ሲበራ «አንድሮይድ ቲቪ» ወይም «ጉግል ቲቪ» ከማለት ይልቅ እንደ ስልክ ያለ ገጽታ። እንዲህ ባለው ሣጥን ላይ የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ መክፈት አይገባም፤ እንዲያውም አለመግዛቱ ይመረጣል።

አራተኛው መብራት ነው። ብዙዎቹ ሣጥኖች በ5 ቮልት፣ በስልክ ቻርጀር ዓይነት ኃይል ስለሚሠሩ ፓወር ባንክም ሶላርም ይችላቸዋል። ኃይል የሚበላው ቴሌቪዥኑ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ግፊት ግን ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል፤ በስታብላይዘር ማገናኘት ተገቢ ነው።

ለእናት ለአባት የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን የሚቀበል፣ «ካስት» የሚባለው ችሎታ ያለው ይሁን። በሪሞት ፊደል እየለቀሙ መጻፍ ያደክማል። ልጅ በስልኩ መዝሙሩን ወይም ስብከቱን በአማርኛ ፈልጎ የካስት ምልክቷን ሲነካ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። ስልኩ የሚያደርገው ማዘዝ ብቻ ነው፤ ምስሉን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ሣጥኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ስልክ ቢደወልም ፊልሙ አይቋረጥም። ሁለቱ ግን አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው።

ዲሹን አታውርዱ

ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በስልክ ዳታ ብቻ ለሚጠቀም ቤት የዥረት ሣጥን ምንም አይሰጥም፤ ዲሽ ያለው ግን ዜናውንም ቅዳሴውንም ማየት ይችላል። ስለዚህ ለደብረ ታቦር፣ ለንፋስ መውጫ ወይም ለእስቴ ቤት የምመክረው ይህን ነው፦ የዥረት ሣጥኑ በዲሹ ላይ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን። የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ በፍላሽ የተጫነውን ትምህርትና ፊልም ያሳያል። ማረጋገጫ ያለው፣ እስከ ሙሉ ኤችዲ የሚያሳይ፣ ካስት የሚቀበል መካከለኛ ሣጥን ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። በፎርኬ ላይ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለተሻለ የኢንተርኔት መስመር ቢውል፣ ልዩነቱ በየማታው ይታያል።