ስንቅ የቋጠረ ኮድ

«ፒፕ ኢንስቶል ነምፓይ» ትላላችሁ፤ ጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ አለቀ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ «አለቀ» ነው። ነምፓይ ፓይተን ብቻ አይደለም፤ ከባዱን ሒሳብ የሚሠራለት በሲ የተጻፈ ኮድ ነው። የሲ ኮድ ደግሞ ለዊንዶውስ ለብቻ፣ ለማክ ለብቻ፣ ለሊኑክስ ለብቻ ኮምፓይል መደረግ አለበት።

ድሮ ጣጣው የተጠቃሚው ነበር። ኮምፓይለር የሌለው የዊንዶውስ ተጠቃሚ የሚያገኘው ረጅም የስሕተት መልእክት ነው። ብዙዎች ያኔ የሚሮጡት ወደ አንድ ገጽ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን፣ በአንድ የፍሎረሰንስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ክሪስቶፍ ጎልኬ ለዓመታት ፓኬጆችን ለዊንዶውስ ኮምፓይል እያደረገ በነጻ ያስቀምጥ ነበር። ገጹ ራሱን «ኦፊሴላዊ ያልሆነ» ይል ነበር። እስቲ አስቡት፣ የስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር! በ2022 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የላቦራቶሪው ገንዘብ ሲያበቃ አገልግሎቱም እንደሚቆም ተነገረ።

ደግነቱ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ዊል የሚባለው ፎርማት በ2013 ጸድቋል፤ ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀለት ፓኬጅ ማለት ነው። ሊኑክስ ግን አስቸገረ። ዝርያው ብዙ ስለሆነ አንዱ ላይ የተሠራው ሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ የፓይተን የፓኬጅ መጋዘን ፓይፒአይም የሊኑክስ ዊል አይቀበልም ነበር።

በ2016 ሮበርት ማክጊበንና ናታኒየል ስሚዝ ያቀረቡት መላ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ቆንጆው ነው፦ በ2007 በወጣው በሴንትኦኤስ 5 ላይ ኮምፓይል አድርጉ! ለምን አሮጌ? ሊኑክስ ሥር ያለው ጂሊብሲ የሚባል ላይብረሪ አዲሱ ለአሮጌ ፕሮግራም ይታዘዛል፣ አሮጌው ግን ለአዲስ ፕሮግራም አይታዘዝም። አናኮንዳን የመሳሰሉት ቀድመውም እንዲህ ይሠሩ ነበር። ስሙን «ሜኒሊኑክስ» አሉት፣ ብዙ ሊኑክስ ለማለት። እኔ ባየሁት ቁጥር «ምኒልክ» እያልኩ ነው የማነበው።

ከሱ ጋር ኦዲትዊል የሚባል መሣሪያ መጣ። ፓኬጁ ከውጭ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ፈልጎ ዊሉ ውስጥ ይከታቸዋል፤ መንገደኛው ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል። ማክ ላይ ይህን ዲሎኬት ይሠራል።

የቀረው ድካሙ ነበር። ሦስት ሲስተም፣ አምስት የፓይተን ቨርዥን፣ ሁለት ዓይነት ቺፕ ብትሉ ሠላሳ ዊል ነው፤ በእጅ ማን ይችለዋል? ጆ ሪከርቢ በ2017 የጀመረው ሲአይቢልድዊል ይህን ለሰርቨር ሰጠው። አዲስ ቨርዥን ሲለቀቅ በየሲስተሙ ይገነባል፣ ይፈትሻል፣ ስንቁን ያስቋጥራል።

ግን አሮጌውም ያረጃል። ሴንትኦኤስ 5 በ2017፣ 6 በ2020፣ 7 ደግሞ በ2024 ድጋፋቸው ተቋረጠ። በየጊዜው መሠረቱን ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።